ድምፅ ቆጠራ

ሐዲዱ ከሚያልቅበት፣ በረዶው ከሚጀምርበት፣
በጥር ሌሊት ወረደች፣ ማንም ሰው በሌለበት።
የቆምሁት እኔ ነበርሁ፣ ፈረሴን ሩስኮን ይዤ፣
ከጢሜ እስከ ጫማዬ በአመዳይ ደንዝዤ።
"ሐኪሙስ?" ብዬ ጠየቅሁ፣ ከጀርባዋ ሰው እያየሁ።
"ፊትህ ቆሟል" አለችኝ። ሻንጣዋን ተቀበልሁ፤
ከባድ ነበር። እስከ ዛሬ ክብደቱን አልረሳሁ።

ያንካሳሪ ያን ጊዜ ሠላሳ ጭስ የማይሞላ፣
የወንዝ ዳር መንደር ነበረች፣ ማዶው የሌላ፤
ወዲህ ፊንላንድ ነው፣ ወዲያ ስዊድን ይባላል፤
ወንዙ ግን ይህን አያውቅም፤ በበጋ ይፈስሳል፣
በክረምት ይረጋል፣ ሲረጋም መንገድ ይሆናል።
ያክስቴ ላም ማዶ ትግጣለች፣ የማዶ ልጅ ወዲህ ታገባለች፤
ሐኪም ግን ለሁለቱም ዳር አንዲት እሷ ነበረች።

ጆሮዋን ባያችሁ! ያን ቀዝቃዛ ብረት
በብብቷ አሙቃ ስታኖር ከሰው ደረት!
ዓይኗን ስትጨፍን ቤቱ ጸጥ ይላል፤
ድመት ከምድጃ ትወርዳለች፣ ሕፃን ለቅሶውን ይውጣል።
"ድምፅ አለው" ትላለች፣ "የግራው ሳንባ ውሃ ይዟል።"
እንዲህ ነው አንድ በአንድ ድምፃችንን የለቀመችው፣
ሣጥን ሳይቆምላት በፊት፣ በጆሮዋ ያወቀችው።

አንድ ሌሊት፣ ሦስት ቀን ያማጠች ሁልዳን ልናመጣ
ማዶ ሄደን ስንመለስ፣ ድንበር ጠባቂው ብቅ አለ፤
ከወንዙ መካከል ቆሞ "ወረቀት!" አለን ሲቆጣ።
ሂልካ ኒቫ ከጋሪው ወርዳ፣
"የኔ ይኸው፣ የሷም ይኸው። የሦስተኛውን ግን
ሲወጣ ራሱን ጠይቀው" አለችው።
እዚያው በረዶው ላይ ተንበርክካ አዋለደቻት፤
ጠባቂው ፊቱን አዙሮ፣ ፋኖሱን ያዘላት።
መዝገቧ ላይ፣ የትውልድ ቦታ ከሚለው ሥር፣
"ወንዝ" ብላ ጻፈች፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር።
ወዲህ አንመዘግብም አሉ፣ ወዲያም አንመዘግብም አሉ፤
ልጁ በሕግ ፊት ሳይወለድ ቆየ፣ ሁለት ዓመት በሙሉ።

አራት ደብዳቤ ጻፈች። ዋና ከተማው ዝም አለ።
አምስተኛው ደብዳቤ እሷው ራሷ ሆና ተላከች።
ንግግር አታውቅበትም፤ መድረክ ላይ ትወጣና
"ታፓኒ፣ ያ ሳልህ እንዴት ሆነ?" ትላለች።
ሕዝቡ ሳቀ፤ ሳለ፤ መረጣት።
እኔም ሩስኮን ሸልሜ እስከ ሐዲዱ ሸኘኋት።
ሻንጣው ያው የድሮው ነው፤
እጄ ላይ ግን ቀለለብኝ። ለምን እንደሆን እንጃ።

ሄልሲንኪ ወንበሩ ለስላሳ፣ ጣሪያው ሩቅ ነው ይባላል፤
እዚያ ድምፅ አይደመጥም፤ እዚያ ድምፅ ይቆጠራል።
ዐሥራ ሁለት አልጋ አመጣችልን፤ ለወንዙም ልጅ ወረቀት።
ከዚያ ያ ክረምት መጣ።
ማዶ በዘጊ አናዳ ልጆች ይታነቁ ጀመር፤
"የበረዶው መንገድ ይዘጋ" የሚል ሕግ ቀረበ፤
እጅ ሲወጣ፣ የሷም እጅ ወጣ።
ትክክል ነበረች። ዛሬ ዛሬ ይገባኛል፤ የኛዎቹ ተረፉ።
የሁልዳ ልጅ ግን ማዶ ነበር፣ ሐኪም በሌለው ዳር፤
ሰባት ዓመቱ።
ያው ጠባቂ ያው ቦታ ቆመ፣
ፋኖሱን ግን ለማንም አልያዘም።

በተከታዩ ምርጫ ከሣጥኑ ፊት ቆምሁ፤
ወረቀቴን አጠፍሁና ባዶውን ከተትሁ።
ለማንም አልተነፈስሁም፣ ለሚስቴ ለአይሊ እንኳ፤
አሸነፈች እንደሆነ፣ የኔ አንድ ምን ልታጎድል?

በግንቦት መጣች። ፀጉሯ ነጥቷል።
ወንዙ ላይ በረዶው እንደ ጥይት ይፈነዳል።
"ትስላለህ አሉኝ" አለች፣ "ሸሚዝህን አውልቅ።"
ብረቱን በብብቷ አሞቀች፣ እንደ ጥንቱ፤
ደረቴ ላይ አኖረችው። ዓይኗን ጨፈነች።
ቆየች። ሳንባ ለመስማት ይህን ያህል አይቆይም።
"አገኘሁት" አለች። "ከቆጠራው የጎደለው እዚህ ነው።"
ከንፈሬ ደረቀ። እጇን አላነሣችም።
"በል እንግዲህ፣ ተንፍስ" አለችኝ።